የገዳይ ስም፣ የሟች ቁጥር፦ ሽፍታና ወንጀል በአማርኛ ታሪካዊ ድርሰቶች

1. መግቢያ

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚህ ሐዋሳ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ስለ አማርኛ ታሪካዊ ልብወለድ በተካሄደ የማታ ውይይት ላይ አንዲት ተማሪ ያልተጠበቀ ጥያቄ አነሣች። የዕለቱ ርእስ በዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ላይ የተጻፉ ድርሰቶች ነበር። ጓደኞቿ ስለ ንጉሡ የአንድነት ሕልም፣ ስለ ሴባስቶፖል መድፍ፣ ስለ መቅደላው ፍጻሜ ሲናገሩ ቆይተዋል። እሷ ግን “ከመቅደላ ገደል የተወረወሩት እስረኞች ስማቸው ማን ማን ነበር?” ስትል ጠየቀች። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። ጠያቂዋ የወሎ ልጅ ናት፤ በክፍሉ ውስጥ ከጎንደር፣ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአርሲ የመጡም ነበሩ። ጥያቄው በሁሉም ላይ እኩል እንደማይከብድ ያን ዕለት ፊት ለፊት ታየ።

ይህ ጽሑፍ የተማሪዋን ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ጥያቄ ለማድረግ የሚሞክር ነው። የአማርኛ ድርሰት ስመ ጥር ወንጀልንና ወንጀለኛን ሲተርክ ስም የሚሰጠው ለማን ነው? አንደበት የሚሰጠውስ ለማን ነው? ተራኪው ፍርዱን ወደ አንባቢ የሚያስተላልፈው በምን ዘዴ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር ስለ ካሳ ኃይሉ፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የተጻፉ ዜና መዋዕሎችን፣ ተውኔትንና ልብወለዶችን እንመለከታለን። ለማነጻጸሪያም “ፍቅር እስከ መቃብር”ን እናነሣለን። በመጨረሻ ወደ ቅርቡ ዘመን፣ ወደ ቀይ ሽብር ችሎት እንዘልቃለን። ዓላማው ንጉሡን ዳግመኛ ለፍርድ ማቅረብ አይደለም፤ ጥብቅና መቆምም አይደለም። የሚመረመሩት ድርሰቶቹና የእኛ አነባበብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. “ሽፍታ” የሚለው ስያሜ

አማርኛ ለወንጀለኛ ብዙ ስም አለው፤ ሌባ፣ ቀማኛ፣ ወንበዴ፣ ነፍሰ ገዳይ። እነዚህ ስሞች ሁሉ ከድርጊት የተነሡ ናቸው። ሌባ የሰረቀ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ሰው የገደለ ነው። “ሽፍታ” ግን ከዚህ ይለያል። ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳይሆን ከምን እንደ ወጣ ይነግረናል። ሸፈተ ማለት ለሹሙ፣ ለዳኛው፣ ለገዢው አልገዛም ብሎ ዱር ቤቴ አለ ማለት ነው። ለዚህም ነው ቃሉ ከወንጀል ውጭ ላለ ጉዳይ ሁሉ የሚያገለግለው። ልብ በፍቅር ሲነሆልል “ልቤ ሸፈተ” ይባላል፤ “ልቤ ወነበደ” የሚል ግን የለም። ስለዚህ አንድን ገጸባሕርይ ሽፍታ ብሎ የሚጀምር ደራሲ ገና ከመነሻው ለአንባቢ የምሕረት በር ከፍቷል።

ለዚህ ስያሜ ታሪካዊ መሠረት አለው። በሰሜን ኢትዮጵያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽፍትነት ከሹመት ጋር የተያያዘ እንደ ነበር ሪቻርድ ኮክና ዶናልድ ክራሚ በጥናቶቻቸው አሳይተዋል። ርስት ወይም ሹመት የተነፈገ መኳንንት ይሸፍታል፤ ከበረታ ይታረቁታል፤ ሲታረቁትም ይሾሙታል። ከሌላው ዓለም ኤሪክ ሆብስባውም እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1969 ባሳተማቸው መጻሕፍት ሽፍታን የድኻው ተበቃይ አድርጎ የሚያይ ትንታኔ አቅርቦ ነበር። አንቶን ብሎክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሐሳብ ተቃወመ። በእሱ አስተያየት ብዙዎቹ ሽፍቶች የባላባት መሣሪያ ሆነው ገበሬውን ያስጨነቁ ናቸው። የሕዝብ ግጥምና ተረት ግን የሚያስቀርልን የመጀመሪያውን ምስል ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የተለያዩበት ነጥብ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጠቃሚ ነው፤ አንዱ ሕዝቡ ሽፍታውን እንዴት እንደሚያልመው ሲያጠና፣ ሌላው ሽፍታው ያደረገውን ይቆጥራል።

ስያሜው የሥልጣን ፍርድም ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ ጣሊያኖች አርበኞቻችንን “ሽፍታ” ይሏቸው ነበር። በጎጃም ጠላትን አምስት ዓመት የተፋለመው በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ በገዛ መንግሥቱ በዐመፅ ተከስሶ በ1937 በስቅላት ሞተ፤ ሕዝቡ ግን በቀረርቶውና በለቅሶው ጀግና እንዳለው አለ። ደርግም በተራው መሣሪያ ያነሣበትን ሁሉ “ወንበዴ” አለ። የአማርኛ አንባቢ እንዲህ ያለውን የስም መገለባበጥ ደጋግሞ ስላየ መንግሥት ወንጀለኛ ያለውን ሰው ወዲያው ወንጀለኛ ብሎ አይቀበልም። ይህ ጥርጣሬ ተገቢ ነው፤ ከብዙ መከራ የተገኘ ዕውቀትም ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥርጣሬው ከስሙ አልፎ ድርጊቱን ሲሸፍን ነው። ገዢው ሐሰተኛ ስም ሰጠ ማለት በመንገድ ላይ የተገደለው ነጋዴ አልተገደለም ማለት አይደለም።

3. ዜና መዋዕሎቹ፦ ትረካው የሚቆምበት ቦታ

የካሳ ታሪክ የድርሰት መልክ የያዘው በራሱ ዘመን ነው። በአማርኛ ከተጻፉት ዜና መዋዕሎች መካከል የደብተራ ዘነብ ድርሰት በኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1902፣ የአለቃ ወልደ ማርያም ድርሰት በሞንዶን ቪዳዬ እ.ኤ.አ. በ1905 ታትመዋል። ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ የጻፈውን ሦስተኛ ድርሰት ሉዊጂ ፉሴላ አሳትሞታል። የሦስቱ ተራኪዎች ዝንባሌ የተለያየ መሆኑ የታወቀ ነው። ዘነብ ወዳጅ ነው፤ ወልደ ማርያም ሐዘን የተጫነው ታዛቢ ነው፤ ሦስተኛው በጎንደር በኩል ቆሞ የሚመለከት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ የትረካ ጉዳይ አለ። የዘነብ ድርሰት የሚቆመው በ1852 አካባቢ ነው። በ1857 የተፈጸመው የወሎ መያዣዎች ግድያ፣ በ1859 የተፈጸመው የጎንደር ቃጠሎ፣ በሚያዝያ 1860 የተፈጸመው የመቅደላ እስረኞች ዕልቂት ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የዘነብን ካሳ ከወልደ ማርያም ካሳ የሚለየው የጸሐፊው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የትረካው መጨረሻም ነው። ትልሙ በዘውድና በድል ላይ ሲቆም ቀድሞ የፈሰሰው ደም ለድሉ የተከፈለ ዋጋ ይመስላል። ትልሙ እስከ መቅደላ ሲዘልቅ ግን ያው ደም የሚመጣው ደም ምልክት ይሆናል። አንድ ድርጊት ትርጉሙን የሚያገኘው ተራኪው ብዕሩን ባስቀመጠበት ቦታ ነው። ስለ ወንጀል የሚጻፍ ድርሰትን ስንመረምር የመጀመሪያው ጥያቄያችን “ታሪኩ የት አለቀ?” መሆን ይኖርበታል።

ከሟቾቹ መካከል አንደበት ያለው አንድ ሰው አለ። በኅዳር 1845 በጉር አምባ ጦርነት ደጃዝማች ጎሹ ሲወድቁ አዝማሪያቸው ተማረከ። ይህ አዝማሪ ከውጊያው በፊት በካሳ ላይ ያላገጠ ነው። እንደሚተረከው፣ ካሳ ምን እንደሚገባው ቢጠይቀው አዝማሪው አፉን ወቅሶ ቅጣቱንም በራሱ ግጥም ለራሱ ፈረደ፤ በዱላም ተመትቶ ሞተ። ይህን ታሪክ ያልሰማ የአማርኛ ተማሪ የለም። በክፍል ውስጥ ሲነገር ግን ምን እንደምናደርግ እናስተውል። የግጥሙን ብልሃት እናደንቃለን፤ ቤት አመታቱን እንቆጥራለን፤ እንስቃለን። ምሕረት የለመነ አንድ የእጅ እስረኛ ተደብድቦ መሞቱ ለቅኔው ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። አዝማሪው ከሌሎቹ ሟቾች የተለየ ዕድል አግኝቷል፤ ቃሉ ቀርቶለታል። ቃሉ መቅረቱ ግን ሞቱን እንድናይ አላደረገንም። ስለዚህ ሟችን ማናገር ብቻውን አይበቃም፤ ሲናገር የሚሰማው አንባቢም ያስፈልጋል።

4. ተውኔቱና ልብወለዶቹ፦ የማን እናት? የማን ዕንባ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎድሮስ የአማርኛ ደራሲያን ዋነኛ ባለታሪክ ሆነ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 “ቴዎድሮስ” የተሰኘውን ተውኔት አቀረቡ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 “የቴዎድሮስ ዕንባ”ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 “አንድ ለእናቱ”ን አሳተሙ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተውኔት ጽፈውበታል። እነዚህ ሥራዎች በጥቅሉ ለንጉሡ ያዘነበሉ መሆናቸው በሐያሲያን ዘንድ አያከራክርም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የዘር ሐረጉ የማይቆጠርለትን፣ “የኮሶ ሻጭ ልጅ” እየተባለ የተሰደበን ሰው በመድረክ ላይ ማንገሥ በዘር ለሚመካ ሥርዓት የተሰጠ መልስ ነበር። ደራሲዎቹ ይህን ማድረጋቸው ድፍረት ነው፤ ውለታቸውም አይካድም።

ሆኖም ርኅራኄን የሚያስገኙባቸውን ብልሃቶች መለየት የሐያሲ ሥራ ነው። ሁለቱን የልብወለድ አርእስት ብቻ እንኳ እንመልከት። “አንድ ለእናቱ” የሚለው አባባል ባለታሪኩን በእናቱ ዐይን እንድናየው ይጋብዘናል። አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ ምንም ያድርግ ምን ይሳሳለታል። “የቴዎድሮስ ዕንባ” ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ከፈሰሰው ዕንባ ሁሉ የአንዱን ሰው ዕንባ መርጦ በሽፋኑ ላይ ያስቀምጣል። አርእስቶቹ ማራኪ ናቸው፤ የተመረጡትም በብልሃት ነው። ነገር ግን ከአርእስቱ ጀምሮ እናትነትና ዕንባ በገዳዩ በኩል ተሰልፈዋል።

አሁን ወደ 1857 እንመለስ። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በወሎ በኩል ሲያልፍ ወይዘሮ ወርቂት አሳለፈችው። የወርቂት ልጅ በመቅደላ በመያዣነት ታስሮ ነበር። ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ ሲሰማ ይህን ልጅና ሌሎች የወሎ መያዣዎችን አስገደለ። ወርቂት ምኒልክን ለቴዎድሮስ አሳልፋ ብትሰጥ ልጇን ታድን እንደ ነበር መገመት ይቻላል። በመካከላቸው የነበረውን ምርጫ፣ ያንንም ተከትሎ የመጣውን መርዶ፣ አንድ ታላቅ የአማርኛ ተውኔት ሊሸከመው የሚችል ነገር ነው። ግጭቱ በእጃችን አለ፤ እናቲቱ በስም ትታወቃለች፤ ቦታውና ዘመኑ ይታወቃሉ። እኛ ግን ወርቂትን የምናስታውሳት በአብዛኛው በምኒልክ ማምለጥ ታሪክ ውስጥ እንደ አንዲት መንገድ ጠቋሚ ነው። ልጇ ለእሷም ልጇ ነበር።

“የዘመኑ ጭካኔ ነው፤ ሁሉም ያደርገው ነበር” የሚል መከራከሪያ ይነሣል። መልሱ ከቴዎድሮስ ዘመን ከራሱ ይገኛል። ወልደ ማርያምና ስሙ ያልታወቀው ጸሐፊ የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ግፍ ያሉትን ግፍ ብለዋል። ዶናልድ ክራሚም እ.ኤ.አ. በ1971 የቴዎድሮስን የኃይል እርምጃ ራሱን ችሎ በሚቆም ጽሑፍ መርምሯል። ስለዚህ “ዘመኑ ነው” የሚለው ማስተባበያ የዘመኑ ሰዎች የተናገሩትን ካለመስማት የሚመጣ ነው። ሌላው መከራከሪያ ታላቅ ዓላማ ያለው ሰው በተራ ሰው ሚዛን አይለካም የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ ዶስቶየቭስኪ “ወንጀልና ቅጣት” ውስጥ በራስኮልኒኮቭ አንደበት አስቀምጦታል። ልብወለዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው፤ ጎንደር የተቃጠለችውም በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ነው። ራስኮልኒኮቭ ናፖሊዮንን እያሰበ አንዲት አራጣ አበዳሪ አሮጊት ሊገድል ይሄዳል፤ ሳያስበው ግን እኅቷን ሊዛቬታንም ይገድላል። ደራሲው ለገዳዩ ሙሉ ርኅራኄ ይሰጣል። ሊዛቬታን ግን በስሟ ይጠራታል፤ የዋህነቷን ያሳየናል፤ የእሷ የነበረው ወንጌል በሶንያ እጅ ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል። ይህ ምሳሌ የሚያሳየን ለገዳይ ማዘንና ለሟች መታመን በአንድ ድርሰት ውስጥ አብረው ሊኖሩ መቻላቸውን ነው። ከደራሲዎቻችን የምንጠይቀው ርኅራኄያቸውን እንዲቀንሱ አይደለም፤ እንዲያሰፉት ነው።

5. “ፍቅር እስከ መቃብር”፦ ስም ያለውና ስም የሌለው

የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958፣ ማለትም “የቴዎድሮስ ዕንባ” በወጣበት ዓመት ታተመ። ልብወለዱ ስለ ሽፍታ የተጻፈ አይደለም። ለዚህ ጥናት ግን አስፈላጊ የሆነ አንድ አወቃቀር አለው፤ በ“ሽፍታ” ቃል ውስጥ ተደባልቀው የሚኖሩትን ሁለት ሰዎች ለይቶ ያስቀምጣቸዋል።

አንደኛው አበጀ በለው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬው ላይ የማይገባ ግብር በጠየቁ ጊዜ አበጀ የእምቢታው መሪ ሆኖ ይቆማል። በፊታውራሪ ዐይን ዐመፀኛ ነው፤ በተራኪው ዐይን ግን ሕግን የጣሱት ፊታውራሪ ናቸው። አበጀ ስም፣ ምክንያትና አንደበት ተሰጥቶታል። ሁለተኞቹ በዛብህን በመንገድ ላይ አግኝተው ለሞት የሚያበቃ ጉዳት የሚያደርሱበት ወንበዴዎች ናቸው። እነዚህ ስምም፣ ምክንያትም፣ የኋላ ታሪክም የላቸውም። ከጫካ ይወጣሉ፤ ይመታሉ፤ ይጠፋሉ።

ይህ አቀማመጥ በእኔ አስተያየት ከቴዎድሮስ ድርሰቶች ፍጹም ተቃራኒ ነው። በእነዚያ ገዳዩ ስም አለው፤ ሟቾቹ ይቆጠራሉ። እዚህ ሟቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የምናውቀው ሰው ነው፤ ገዳዮቹ ግን ጥላ ናቸው። አንባቢ ከበዛብህ ጋር ከስለት ልጅነቱ እስከ ቅኔ ቤቱ፣ ከዲማ እስከ አዲስ አበባ ተጉዟል። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚደርስበትን ዱላ “የዘመኑ ልማድ” ብሎ ሊያልፈው አይችልም። የሰብለ ወንጌል መከራ የሚከብደንም ለዚሁ ነው። አንዳንድ ሐያሲያን የወንበዴዎቹን ድንገተኛ መምጣት የትልሙ ድክመት አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ፤ ሁለቱን ፍቅረኞች የለያያቸው የመደብ ግድግዳ ሆኖ ሳለ መጨረሻውን ለአጋጣሚ መተው ጭብጡን ያላላል ብለው። ክርክሩ ፍሬ የለውም አልልም። ነገር ግን ነጋዴውና ተማሪው፣ መነኩሴውና ስደተኛው በየበረሃው የሚያጋጥመው ሞት እንዲህ ያለ ነበር፤ ከየት መጣ የማይባል፣ ገዳዩ የማይታወቅ። ሐዲስ ይህን ሞት የቀማኛውን ጀግንነት ሳይሆን የተጓዡን ሕይወት መነሻ አድርገው ጻፉት። ቀረርቶው የማይዘፍንላቸውን ሰዎች ወገን መረጡ።

6. ከድርሰት ወደ ችሎት

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው የታሪክ ተማሪዎች ይሆን ነበር። በ1969 እና በ1970 የተካሄደው ቀይ ሽብር ግን በብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ያለ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 “ኦሮማይ”ን ሲያሳትሙ መንግሥት “ወንበዴ” የሚለውን ወገን ስምና አእምሮ ያለው ሰው አድርገው አቀረቡት፤ በራሳቸው በመንግሥቱ ሰዎች ውስጥ ያለውንም ብልሹነት አሳዩ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። ስለ ስም አሰጣጥ የምናደርገው ክርክር የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጽሑፍ ከደራሲ ሳይሆን ከዐቃቤ ሕግ የመጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ። በሌሉበት በተከሰሱት በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ በግንቦት 2000 የሞት ፍርድ ተወሰነ። ስለ ችሎቱ መጓተትና ጉድለት ብዙ ተብሏል። ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ግን አንድ ነገር አስተምሮናል። በኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት ባለሥልጣናት ጀምሮ ክሱ ሟቾችን በየስማቸው ዘረዘረ። ምስክሮችም ቀርበው ልጄን፣ ወንድሜን፣ እኅቴን እያሉ ተናገሩ። በ2002 በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የተመሠረተው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው፤ የሟቾች ፎቶግራፍና ስም። በዚህ አገር የወንጀል ትረካ ውስጥ የስም ዝርዝሩ በይፋ ከገዳዩ ወደ ሟቹ ተሻገረ።

ችሎት ግን ልብወለድ አይደለም። ዝርዝሩ ስም ይሰጣል፤ ሕይወት አይሰጥም። ሟቹ በየትኛው ዜማ ይደሰት እንደ ነበር፣ ከማን ጋር ተኳርፎ እንደ ነበር፣ ያን ዕለት ጠዋት ምን እያሰበ እንደ ወጣ የክስ መዝገብ አይመለከተውም። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ድርሰት ብቻ ነው።

7. መደምደሚያ

በአገራችን የቆየ የወንጀል ምርመራ ሥርዓት ነበር፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ከአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጌታም ድኻም አይቀርም፤ ያየና የሰማ ሁሉ እውነቱን እስኪናገር ወደ ቤቱ አይመለስም። ሥርዓቱ የራሱ ግፍ ነበረበት፤ ገበሬውን ከእርሻው እያስቀረ ያስጨንቅ ነበር። መነሻ ሐሳቡ ግን ለሂስ ይጠቅማል። ስለ አንድ ወንጀል የተጻፈ ድርሰትን ስናነብ በሜዳው ላይ ማን ተሰበሰበ፣ ማን ቀረ ብለን እንጠይቅ። ካሳ ቀርቧል፤ እናቱ ቀርባለች፤ ወዳጆቹና ባላንጣዎቹ ቀርበዋል። የወርቂት ልጅ፣ የጎንደር ነዋሪ፣ ከገደል የተወረወረው እስረኛ ያልቀረቡ ከሆነ አውጫጭኙ አልተፈጸመም።

ይህን ስል ለድርሰቶቹ ያለኝን አክብሮት አልቀንስም። ለብዙዎቻችን ታሪክን ያስወደዱን እነሱ ናቸው። የምለው በሁለት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛ፣ በክፍል ውስጥ ስናስተምራቸው የወልደ ማርያምን ዜና መዋዕል ከጎናቸው አድርገን እናስተምር፤ አንባቢው ትረካው የቆመበትን ቦታ ይለካ። ሁለተኛ፣ ለመጻፍ የሚያስቡ ተማሪዎች የታወቀውን ሽፍታ ለአሥረኛ ጊዜ ከማንሣታቸው በፊት በዚያው ታሪክ ውስጥ ስሙ በግማሽ ብቻ የተነሣውን ሰው ይፈልጉት።

የተማሪዋ ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። በሚያዝያ 2 ቀን 1860 በመቅደላ የተገደሉት በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የአብዛኞቹ ስም ከእንግዲህ የሚገኝ አይመስልም። በዚያ ምሽት ከክፍሉ ስንወጣ ግን ተማሪዋ ስለ ወርቂት አንድ ገቢር ተውኔት መጀመሯን ነገረችኝ። መጀመሪያው ትዕይንት በመቅደላ ላይ አይደለም፤ መርዶው በሚጠበቅበት ቤት ነው።